ሞገዱ ስንት ነው?

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ሚኒሶታ ነው። "የአሥር ሺህ ሐይቆች ምድር" ብለው በመኪናቸው ሰሌዳ ላይ የሚጽፉ ሰዎች አገር፤ እኛ በአንድ ጣና ስንት ዘመን እንደተኩራራን አስቡት እንግዲህ! አንድ ሌሊት ደወለና ጤናዬን እንኳ በወጉ ሳይጠይቅ፣ "ጋሼ፣ እዚያ ሞገዱ እንዴት ነው?" አለኝ።

እኩለ ሌሊት ላይ ለሚመጣ እንዲህ ላለ ጥያቄ ሰው ዘሎ አይመልስም። በእነዚህ ዓመታት ባሕር ዳር ላይ ሞገድ ሊባል የሚችለው ነገር ብዙ ነው። "ረገብ ብሏል" አልኩት፤ ስለ የትኛው እንደማወራ ለራሴም አልለየልኝም። "ችግር የለም፣ የራሳችንን ሞገድ ይዘን እንመጣለን!" አይለኝ መሰላችሁ?

ነገሩ ቀስ እያለ ተገለጠልኝ። ልጁ ጀልባ ሊገዛ ነው። ጀልባውን ባሕር ዳር አምጥቶ እንግዳ ሊያዝናናበት አስቧል። ምርጫው ሦስት ጀልባ ላይ ደርሷል፤ ለጣና የትኛው እንደሚሆን እኔ እንድነግረው ይፈልጋል። እኔ! ሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ጀልባን የማውቀው በዘይቤነቱ ነው። "ሕይወት ባሕር ናት፣ ሰው ታንኳ ነው" ብሎ የማይጽፍ ተማሪ አልነበረኝምና ስለ ጀልባ ያረምኩት ወረቀት ብቻ ቢቆጠር ካፒቴን ያሰኘኛል። ግን ነገሩ በቀልድ የሚታለፍ አልሆነም። የጎደለው ገንዘብ የሚሞላው የእናታችንን ቤት ለባንክ በማስያዝ ነው። እህቴ ደግሞ "ወንድም ዓለም፣ አንተ ይሁን ካልክ እፈርማለሁ፣ ይቅር ካልክ ይቀራል" ብላ ሸክሙን እኔ ትከሻ ላይ ጥላ እሷ እንቅልፏን ተኛች። ታናሽ እህት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ዌክሰርፍ ይሉታል ጨዋታውን። የላከልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ጀልባው እንደሚበር ጀልባ አይደለም፤ በሰዓት ከ16 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጅራቱን ውኃ ውስጥ ቀብሮ እንደ ነፍሰ ጡር ላም ነው የሚሄደው። ከኋላው አንድ ጎረምሳ አጭር ሳንቃ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ገመድ ይዞ ነበር። ከዚያ ገመዱን ወረወረው! እኔ ወደቀ ስል እሱ ቆሞ ቀረ። ለካስ ጀልባው አይደለም የሚወስደው፤ ጀልባው ያስነሳው ሞገድ ነው የሚገፋው። እውነቱን ልናገርና ያምራል። በሃምሳ ምናምን ዓመቴ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ "እኔስ ብሞክረው?" ብዬ ማሰቤን አልደብቅም።

የገረመኝ ግን ጀልባው ነው። ከኖኅ ጀምሮ ጀልባ ሠሪ ሁሉ የሚጨነቀው ዕቃው እንዲቀልና ውኃውን ሳይረብሽ እንዲያልፍ ነው። ይኼኛው የተሠራው ለተቃራኒው ነው። ሆዱ ውስጥ ጋኖች አሉት፤ የሐይቁን ውኃ በፓምፕ ይስብና ሁለት ሺህ ኪሎ ያህል ተጨማሪ ክብደት ይሸከማል፤ ኋላው እንዲሰምጥ፣ ሲሰምጥም ሞገዱ እንዲያብጥ። እኛ ጀልባ ውኃ ገባበት ሲባል "ኧረ የጊዮርጊስ ያለህ!" እንላለን፤ እነሱ ከፍለው ያስገቡታል። ሞተሩም እንደ እኛዎቹ ያማሃዎች ከኋላ አልተንጠለጠለም። ሞገዱ ላይ ያለው ሰው ለጀልባው በጣም ቅርብ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ከሆዱ ሥር መደበቅ አለበት፤ አለዚያ ጨዋታው ጨዋታ አይሆንም። ዋጋው? አዲሱ ከመቶ ሺህ ዶላር ያልፋል፤ እጥፍ የሚሆንም አለ። ማስታወቂያው ስንት ሰው እንደሚጭን፣ ስንት ሊትር እንደሚበላ በትንሹ ጽፎ ያልፈዋል። በትልቁ የሚጽፈው ስለ ሞገዱ ነው፤ ቁመቱ፣ ርዝመቱ፣ "ንጽሕናው"። ልብ በሉ፣ ገዢው የሚገዛው ጀልባውን ሳይሆን ጀልባው ከኋላው ጥሎት የሚሄደውን ነገር ነው።

ሥዕሎቹን ይዤ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረድኩ። በማታው ክፍለ ጊዜ ያስተማርኩት አንድ ጀልባ ነጂ አለ፤ ያኔ ግጥም ላይ ያንቀላፋ ነበር፣ ቀን ውኃ ላይ ውሎ ስለሚመጣ። ስልኬን ተቀብሎ ጣቱን እያንሸራተተ አየና ስለ ውበታቸው አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ "መምህር፣ ሆዱ ምን ያህል ይሰምጣል?" አለኝ።

ጥያቄው ይኼ ነው ለካ። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቅ በተባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ የሆነ ውኃ ነው። ሰፌድ ነው እንጂ ማሰሮ አይደለም። በ1995 ውኃው በጣም ወርዶ መርከቦች ለአራት ወር ያህል መንቀሳቀስ አቅቷቸው እንደነበር ልጁ አስታወሰኝ፤ እኔ ያን ጊዜ ዳርቻው መራቁን ያየሁት ለፎቶግራፍ ሲያስቸግረኝ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያም የሐይቁን ከፍታ ዝናብ ብቻውን አይወስነውም፤ በጨረጨራ በር አለው፣ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ በዋሻ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ የሚሄድ ውኃ አለ። ሆዱን ሆን ብሎ የሚያሰምጥ ጀልባ ለእንዲህ ዓይነት ውኃ እንዴት ይሆናል?

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ቆጠረልኝ። የዓሣ መረብ አለ፤ ፕሮፔለር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እምቦጭ አለ። ቤንዚን አለ፣ ማለቴ የለም። እንዲህ ያለው ሞተር በሰዓት ሃያ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊበላ ይችላል፤ ሃያ ሊትር ለማግኘት የሚቆመውን ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው ያለነው። ሞተር እንደ ሯጮቻችን አይደለም፤ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሚኒሶታ ላይ አንበሳ የነበረው እዚህ ሲደርስ ስድስተኛ እጁ ገደማ ጠፍቶበት ነው የሚገኘው፤ ፕሮፔለሩንም መቀየር ይጠይቃል። እኔ በበኩሌ ቢልሃርዚያን ጨመርኩ፤ ከሳንቃው የሚወድቀው ሰው መቼም የሚወድቀው ውኃው ላይ ነው። ጉማሬውን ሁለታችንም አላነሳነውም።

"ስለዚህ ይቅርበት ልበለው?" አልኩት።

"ኧረ ይምጣ!" አለኝ ደንገጥ ብሎ። "መምህር ደግሞ! ሰው ይምጣ እንጂ ሞገዱን እኛ እንችለዋለን።"

አያችሁ፣ እኔ አንድ መልስ ይዤ ልመለስ ነበር። ልጁ ግን የቆሙትን ጀልባዎች በአገጩ አሳየኝ። በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት፤ በ2015 ነሐሴ ክልሉ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ጨርቃቸው ፀሐይ የበላው፣ ቀለማቸው የተላጠ ጀልባዎች ገመዳቸው ላይ ሲወዛወዙ ይውላሉ። ሁለት ልጆች አሉት። አንድ እንግዳ ጣና ላይ በሳንቃ ቢቆም ጣናን የሚያረክስበት መስሎት አያውቅም፤ "ቁርስ ነው" ነው ያለኝ።

በነገራችን ላይ ለአዲስ ጀልባ መጓጓት የእህቴ ልጅ ብቻ አይደለም። በ2017 ክረምት ጣናነሽ ፪ የተባለችው ከመቶ ቶን በላይ የምትመዝን ጀልባ ከጅቡቲ ተጭና በየብስ ስትመጣ ሰው በየመንገዱ ወጥቶ ሲጠብቃት ነበር። ባሕር የሌለው ሕዝብ ጀልባ በአስፋልት ስታልፍ እጁን ያውለበልባል። አልስቅም፤ እኔም ቪዲዮዋን እያደንኩ አይ ነበር።

ይኼን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ሁሉንም ሰማኝ፤ ሁሉንም በወረቀት ያዘ፤ መሐንዲስ ነው። ለጥልቀቱ መፍትሔ አለኝ አለ፣ ለፕሮፔለሩም አለኝ አለ። ደግሞ ሐቀኛ ልጅ ነው፣ ራሱ ላይ የሚመሰክርበትን ወረቀት ሳይቀር ላከልኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የራሱ አገር ዩኒቨርሲቲ፣ የሚኒሶታው ማለት ነው፣ እነዚህ ጀልባዎች ሞገዳቸው እንዲረግብ ከዳርቻ 500 ጫማ፣ ማለትም 150 ሜትር ያህል ይራቁ የሚል ጥናት አውጥቷል። ቨርሞንት የሚባለው ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ይህንኑ ርቀት በደንብ አጸደቀና ውኃው ቢያንስ 20 ጫማ፣ ስድስት ሜትር ገደማ ይጥለቅ ብሎ ጨመረበት። እዚያ ሐይቅ ዳር ቤት የሠራ ሰው ሞገድ የጀልባ ማሰሪያውን ሲነቀንቅበት ስብሰባ ይጠራል፣ ጠበቃ ይዞ ይቀርባል። "እኛም ራቅ ብለን፣ ከጥልቁ ላይ እንጫወታለን" አለኝ የእህቴ ልጅ።

"ከጥልቁ ላይ ማን አለ?" አልኩት።

"ማንም።"

"ታንኳስ?"

"አሁንም ታንኳ አለ እንዴ ጋሼ?" አለኝ። ስድብ አልነበረም፤ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ተቆጣሁ፣ ስቆጣ ደግሞ ንግግር አደርጋለሁ፤ የድሮ ሙያ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ግንቦት "ራ" ብሎ በሰየማት የደንገል ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ሊሻገር ሲወጣ ደንገሉ የተቆረጠው ከዚሁ ከጣና ነው። ጀልባዋ ከፒራሚዶቹ ሥር ተሠርታ፣ በቻድ ሐይቅ ሰዎች እጅ ተጠፍራ፣ ባርቤዶስ ሳትደርስ ጅራቷ ዘጠጠና ተተወች፤ በዓመቱ ሁለተኛይቱ ራ በ57 ቀን ገባች። እሷን የሠሩት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ የእኛ፣ እጁ የሌላ! አንድም የነገደ ወይጦ ባለሙያ ተጠርቶ አላሰራትም፤ ይኼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የእህቴ ልጅ ንግግሬ እስኪያልቅ ጠበቀኝና "ጋሼ፣ እሺ፤ ግን ለምን ተቆጣህ?" አለኝ።

ለምን እንደተቆጣሁ አልነገርኩትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ጊዜው 1996 ግድም ነው። ተማሪዎች ይዤ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የግድግዳ ሥዕሎቹን ስናይ አርፍደን ከሰዓት ተመለስን። ከሰዓት ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ይኼን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የማታ ትምህርት ነበረኝና ነጂውን "ትንሽ ጠበቅ አድርገው" አልኩት። ጀልባው አዲስ ነበር፣ ሄደ! ተማሪዎቹ ጮኹ፣ ዘፈኑ። መሐል ላይ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ አንዱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ታንኳ አይታችሁ እንደሆነ፣ ሲጫን ጠርዙ ከውኃው በላይ አንድ ስንዝር ቢተርፈው ነው። አይሰምጥም፤ ደንገል ነውና። ይገለበጣል እንጂ። አጠገቡ አለፍን። አንድ ተማሪ "መምህር፣ እዩት እዩት!" ብሎ ሲስቅ ዞር አልኩ። እንጨቱ እንደ ክብሪት ተበትኗል። አንድ ሰው ታንኳውን በሁለት ክንዱ አቅፎታል፤ አንድ ትንሽ ጥቁር ራስ ብቻውን ውኃው ላይ ይታያል።

ነጂው ሞተሩን ቀነሰና አየኝ። "ልመለስ?" አለ።

ሰዓቴን አየሁ። ሌሎቹ ታንኳዎች ወደ እነሱ መቅዘፍ ጀምረው ነበር። "ደርሰውላቸዋል፤ ሂድ" አልኩት።

ያን ማታ ያስተማርኩትን አላስታውስም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አስታውሰዋለሁ፤ ዘይቤ ነበር ትምህርቱ። ማዕበል ለመከራ እንዴት ምስል እንደሚሆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ምሳሌ አምጡ እያልኩ ነበር።

በማግሥቱ እንጨት ወደሚሸጥበት ዳርቻ ሄድኩ። ታንኳው ዋርካ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ጉድ እስኪባል ውኃ ይንጠባጠባል። ታንኳ ውኃ ይጠጣል፤ ሳይደርቅ ቢገፉት ይከብዳል፤ በደንብ ቢያዝም ዕድሜው የወራት ነው። አንድ ሽማግሌ ሥሩ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ጋቢ ተከናንቦ ይስላል። "አባቴ፣ ትናንት ታንኳዎ ሲገለበጥ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አዬ ልጄ፣ ነፋስ ነው" አሉኝ። "የጣና የከሰዓት ነፋስ አይታመንም።"

አወቁኝ? አላወቁኝም? ፊቴን አላዩም፤ የሚያዩት ጫማዬን ነበር። "ነፋስ አይደለም፣ እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እሳቸው ግን በር ከፍተውልኛልና በከፈቱልኝ በር ወጣሁ። ከውኃ የተለቀመውን እርጥብ እንጨት በጠሩት ዋጋ፣ ሳልከራከር ገዛሁና በወዛደር አስይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ምጣዷ በኤሌክትሪክ እየሠራች ይኼ ሁሉ እንጨት ምን ሊያደርግ ነው ብላ ጠየቀችኝ። "ረክሶ ነው" አልኳት። ጓሮ ተከምሮ ሁለት ክረምት አለፈበት።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥር ሲመጣ ክርክሩን ተውኩት። ደብረ ማርያም የሚቀዝፍ አንድ ወጣት አነጋገርኩና ልጁን ታንኳ ላይ አስቀመጥኩት፣ እኔም ከኋላው ተቀመጥኩ። ለዚያ ለጀልባ ነጂዬ ደግሞ "በጎናችን እለፍ፤ እንደ ልማድህ፣ አትጨምር አትቀንስ" ብዬዋለሁ። ቀዛፊው ያውቃል፤ ልጁ አያውቅም። ተንኮል ነው፣ አውቃለሁ።

ጠዋት ነው፤ ውኃው እንደ መስታወት ነበር። የእህቴ ልጅ ደስ ብሎት ፎቶ ያነሣል። ጀልባው መጣ፣ እጁን አውለበለበልን፣ አለፈ። ልጁም መልሶ አውለበለበ። ሞገዱ የሚደርሰው ጀልባው ካለፈ በኋላ ነው፤ ነጂው የማያየውም ለዚህ ነው። ቀዛፊው ፈጠን ብሎ የታንኳውን አፍ ወደ ሞገዱ አዞረ፤ "ያዙ" አለ በቀስታ። አንዱ አነሣን። ሁለተኛው ውኃ አስገባብን፤ ከደንገሉ መሐል እየተንፏቀቀ የልጁ ነጭ ጫማ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ላይ ስልኩን ጥሎ በሁለት እጁ ጠርዙን ያዘ፤ ደግነቱ ስልኩ የወደቀው ውስጥ ነው።

ጸጥ ሲል፣ "ይኼ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?" አለኝ።

"አርባ። ያንተስ ስንት ነበር?"

"አራት መቶ" አለ፤ ከዚያ ዝም አለ። ያኔ ነው ቀዛፊው ሳይጠየቅ የተናገረው። "አንድ ጊዜማ ምንም አይደል፤ ወደ ሞገዱ ካዞርን ያሳልፈናል። ሲመላለስ ነው እንጂ ጭንቁ። አንዱን ስታዞርለት ሌላው በጎን ይመጣብሃል።" የእህቴ ልጅ ጨዋታ ደግሞ መመላለስ ነው፤ ሄዶ፣ ዞሮ፣ የወደቀውን አንሥቶ፣ እንደገና ሄዶ። ይህን እኔ መናገር አላስፈለገኝም።

ዳርቻው ላይ ጫማውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አሰጣው። ከሦስቱ ጀልባዎች ሥዕል ሁለቱን አጠፋ፤ አንዱን አላጠፋም። ከዚያ ከጀልባ ነጂዬ ጋር ቁጭ ብለው ስለ ሌላ ዓይነት ጀልባ ማውራት ጀመሩ፤ ጠፍጣፋ፣ ሆዱ የማይሰምጥ፣ በባትሪ ስለሚሠራ ሞተር ሁሉ ሲያነሱ እሰማለሁ። ነጂው በስሜት ይከራከራል፤ ግጥም ክፍል ውስጥ እንዲህ ነቅቶ አይቼው አላውቅም። እኔ ሽማግሌውን ያገኘሁበት ዋርካ ሥር ተቀምጬ ስለ እንጨቱ ለልጁ ልንገረው አልንገረው እያልኩ ሳለ እህቴ ደወለች።

"እና፣ ልፈርም?"

"ቤቱን ተዪው፤ አታስይዢው" አልኳት።

"ልጁስ ምን አለ?"

"እግሩን እያደረቀ ነው።"